የእሾህ መዝገብ

ዳንግላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለቤዛዊት፣ ዝናብ በማያባራባት በበርገን ከተማ፤

ለሩቅም ለቅርብም ዘመድ በይፋ የሚገለጽ ጉዳይ። በላይኛው ድዴ ላይ ብቻዋን ዘብ ቆማ የኖረችው ጥርሴ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በአንድ የተቀቀለ ድንች ምክንያት ከአገልግሎት በክብር ተሰናብታለች። አልቀበርኳትም። እንደ ልጅነታችን ደንብ ጣሪያ ላይ ወርውሬ አዲስ እንዲበቅልልኝ ለመንኩ። ጎረቤታችን ምህረቴ ቆርቆሮው ኳ ሲል ሰምታ፣ «አባ ውቤ፣ በሰባ ስምንት ዓመትዎ?» አለችኝ። «ለመለመን ደግሞ ዕድሜ አለው?» አልኳት። እስካሁን አልበቀለም።

አሁን እንደ ሰው ሰላም ልበልሽ። እንደምን ከርመሻል ቤዛዬ? የዛሬው ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ ከዚያ አገር ዝናብም እሱ ይሰውርሽ። እኛ ከጥርሴ በቀር ሁላችን ደኅና ነን። ይህን ወረቀት ምሥራቅ በስልኳ ፎቶ አንስታ ኔትወርክ ባገኘች ቀን ትልክልሻለች። ምሥራቅ እኔ ጡረታ ስወጣ የእግር ክፍሉን የተረከበችው ነርስ ናት፤ ከእኔ የበለጠች ሠራተኛ ናት፣ እንዳትነግሪያት።

ቁም ነገሩ ስለዚሁ ክፍል ነው። ድርጅታችሁ የዳንግላውንና የእንጅባራውን ሆስፒታሎቹን አንድ አድርጓቸዋል። መሳፍንት የሚባል ከእንጅባራ የመጣ ወጣት፣ ኮምፒውተሩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ «አባባ፣ ሁለቱ ተዋሕደዋል» አለኝ። እኔ ተዋሕዶ የሚለውን ቃል የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው። «ያለ መቀላቀል፣ ያለ መጥፋት ነዋ?» አልኩት። «የለም፣ የእግር ክፍሉ ይጠፋል መሰለኝ» አለ። ልጁ ደግሞ ዲያቆን ኖሯል፤ ተናግሮ ሲያበቃ አፈረ።

ክፍሉን ታስታውሺዋለሽ። ቀዩን አፈር በባዶ እግሩ ሲረግጥ ኖሮ እግሩ ያበጠ ሰው፣ ሕዝቡ «ዝሆኔ» የሚለው በሽታ የያዘው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ በሳሙናና በበረኪና ውሃ የሚታጠብበት፣ ቫዝሊን ተቀብቶ፣ ታስሮ፣ ካልሲና ጫማ አድርጎ የሚሄድበት ቤት ነው። እኔ እዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ድሬሰር ነበርኩ። አሁንም ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ውሃ ለመቅዳት ነው እላቸዋለሁ፣ ለማውራት ነው።

አንቺ የዚያው ድርጅት ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነሽ። ሥራሽን ስትነግሪኝ ሁለት ጊዜ አልገባኝም፣ በሦስተኛው የገባኝ መሰልኩ። በር ላይ የምትቆሚም ብትሆኚ አንድ ቃል ጣል አድርጊልን። ደግሞም ትልቅ የጥፍር መቁረጫ ላኪልኝ። የታካሚያችን የአስማረ አውራ ጣት የእኛን ሁለቱን ሰብሯል።

አያትሽ ውቤ

---

በርገን፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አያቴ፤

እንደምን ከረሙ? ለጥርስዎ ነፍስ ይማር። እኔ ደኅና ነኝ፤ ዝናቡም ደኅና ነው። የጥፍር መቁረጫውን ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ ሰው ልኬዋለሁ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ አሁን ይግባዎት። የእግር ክፍሉ ዳንግላ ይቆይ ወይስ ይዘጋ የሚለውን መርምሬ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ለኮሚቴው አስተያየት የምጽፈው እኔ ነኝ። ሲመድቡኝ የአገሬ ጉዳይ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር።

መሳፍንት የመዝገቡን ቅጂ በሙሉ ልኮልኛል። በአርባ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ሰው ታክሟል። «የእግር እብጠት» የተባለው ግን ሃያ ስድስት ሰው ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ፣ አያቴ፣ በሽታው «እሾህ» ነው የሚለው። እሾህ፣ እሾህ፣ እሾህ፣ ገጽ ሙሉ። ለመሆኑ ዳንግላ ዙሪያ የሚበቅለው ምን ዓይነት እሾህ ነው? መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ የኮሚቴውን ማስታወሻ አነበብኩ። «እሾህ ለመንቀል ልዩ ክፍል አያስፈልግም፤ ጤና ኬላ ይበቃል» ይላል። ልመልስላቸው የምችለው ነገር የለኝም።

የእጅ ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። የ«ሾ»ን ቆብ እንደ ቄስ ጥምጥም የሚያሳብጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ለምን እንደዚያ እንደጻፉ ይንገሩኝ።

ያንን ክፍል እንዴት እረሳዋለሁ? እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ታስቀምጠኝና «አያትሽን ሰላም ብዬው ልምጣ» ብላ ትገባ ነበር። ሰላምታዋ ረጅም ነበር። እስክትወጣ በመስኮት የሚመጣውን የበረኪና ሽታ እያሸተትኩ ታካሚዎቹ ግቢው ውስጥ ያሰሯቸውን ፈረሶች ጭራ እቆጥር ነበር። እዚህ አንድ የመዋኛ ገንዳ አለ፤ ሽታው ያው ነው። በአጠገቡ ሳልፍ ቀኑ ቅዳሜ ይመስለኛል።

ልጅዎ ቤዛዊት

---

ዳንግላ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሁሯ የልጅ ልጄ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ቁመትሽ ግን በዚሁ ይብቃ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። መንገዱም ኔትወርኩም እንደምታውቂው ሆኖ ሰንብቷል።

ስለ እሾህ ጠይቀሻል፤ ደስ ብሎኝ አስረዳሻለሁ። ቀጋ አለ፤ የቀጋ እሾህ እንደ ድመት ጥፍር ወደ ኋላ የታጠፈ ነው። አጋም አለ፤ ፍሬው ጣፋጭ፣ እሾሁ ግን እንደ አማት ነው። ኮሸሽላ አለ፤ እሱ አይወጋም፣ ይሳደባል። አሁን ጫካው ሁሉ ለከሰል የሚተከል ዛፍ ሆኗልና ደኅና እሾህም እየጠፋ ነው።

ከትናንት ወዲያ የፈረሰኞቹ በዓል ነበር፤ እንጅባራ ድረስ ሄጄ አየሁ። አስማረን አየሁት፣ በዚህ ዕድሜው በቀይ ኮርቻ። በ1984 ዓ.ም. ወደ እኛ ሲመጣ እግሩ እንደ ሙቀጫ ነበር። የእኛ አገር እርካብ አውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ቀለበት ናት፤ የእሱ ጣት አልገባ ብሎ ፈረሱን ለወንድሙ ሰጥቶ ነበር። «ለመራመድ አይደለም የመጣሁት፤ ይህችን ጣት ብቻ አቅጥኑልኝ» አለን። አንድ ዓመት ከአምስት ወር አጠብነው። አንድ ቅዳሜ ፈረሱን እስከ መታጠቢያው በር ነድቶ መጣና ጣቱን ቀለበቷ ውስጥ አስገብቶ አሳየን። ውሃ ቀጂዋ እልል አለች፤ ፈረሱ ደንግጦ ሁለት ሳፋ ሰባበረ። ያን ቀን የነበሩት ሰዎች ግማሾቹ ዛሬ የሉም። አግዳሚው ግን ያው ነው፤ የተቀመጡበት ቦታ ሁሉ እንደየሰውየው መቀመጫ ጎድጉዷል። ባዶውን ሳየው እንኳ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር እነግርሻለሁ።

ለኮሚቴሽ ይህን ንገሪ። እንጅባራ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ ምንም አይደለም ይላሉ። እግሩ የሚሸት ሰው ሲመጣ ግን ረዳቱ «ሞልቷል» ይላል፤ ባዶውን ወንበር ሁላችን እያየነው። ወደ ዳንግላ በእግርም በጋሪም ይመጣሉ። ወደ እንጅባራ አይሄዱም፤ ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ እግሩም ያብጣል።

ስለ መዝገቡ ላልሽው፣ ቀለሙ እስካሁን አለመደብዘዙ እኔንም ያስገርመኛል።

አያትሽ

---

በርገን፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያቴ፤

ጤናዎን እመኛለሁ። የአስማረን ታሪክ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኮሚቴው ግን የሚያነበው ቁጥር ነው፤ የቀረኝም አራት ሳምንት አይሞላም።

ትናንት የ1988 ዓ.ም. መዝገብ ላይ ደረስኩ። ግንቦት 10፣ ተራ ቁጥር ሰባት፦ ሸጋ ውቤ፣ ዕድሜ 26፣ እሾህ። ወደ ኋላም ወደ ፊትም ገለጥኩ። ከ1986 እስከ 1995 ዓ.ም. እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እሾህ ትወጋ ነበር።

በበጋም ቦት ጫማ ታደርግ ነበር። «እባብ እፈራለሁ» ትለኝ ነበር። እኔም እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ እባብ ፈርቼ ኖሬያለሁ።

አያቴ፣ እናቴን ዘጠኝ ዓመት የወጋት እሾህ ምንድን ነው? እባክዎ በዚህ ላይ አይቀልዱብኝ።

ቤዛዊት

---

ዳንግላ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቤዛዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ምሥራቅ ደብዳቤሽን አንብባልኝ ስትጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ውጭ ወጣች። እንግዲህ ልንገርሽ።

በ1970 ዓ.ም. ከፋግታ የመጣች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ስሟን ዛሬም አልጽፈውም። እብጠቱ ገና ከቁርጭምጭሚቷ አላለፈም ነበር። እኔ አዲስ ድሬሰር ነኝ፣ ጽሕፈቴ ያማረ። ስሟን ከነአባቷ፣ በሽታዋን በደማቁ ጻፍኩት። መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይውል ነበር። የእጮኛዋ አጎት ሳል ይዞት መጥቶ አነበበው። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፈረሰ። በዘር ይሄዳል ተብሎ የታናሽ እህቷም ሠርግ ቀረ። አባቷ መጣ። አልሰደበኝም። መዝገቡን አየት አድርጎ «ጽሕፈትህ ግን ያምራል» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለሁሉም እሾህ ጻፍኩ። እሾህ ማንንም አያዋርድም፤ ንጉሥንም ይወጋዋል። ለምሥራቅም ሥራዬን ሳስረክባት ይህንኑ አስተማርኳት። ያ ቃል ስንት ሙሽራ እንደዳረ እኔ ነኝ የማውቀው። እህትሽ ሕይወትም በእሱ ነው የተዳረችው። ዛሬ ግን ያው ቃል ቤቱን ሊያዘጋው ነው፤ እዚህ ላይ ምን እንደምል አላውቅም።

እናትሽ ዝሆኔ ነበረባት። የሌላ ሰው እጅ አላስነካኋትም፣ እግሯን የማጥበው ራሴ ነበርኩ። ከ1995 በኋላ በቤቷ ማጠብ ቻለችበት። ለምን እንዳልነገርንሽ ትጠይቂኛለሽ። እሷ ናት የከለከለችኝ። ልትሞት ሰሞን እንኳ እጄን ይዛ «ቤዛ በቦት ጫማዬ ትወቀኝ እንጂ በእግሬ አትወቀኝ፤ እንዳትነግራት» አለችኝ። ቃሏን ጠበቅኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰዎቹ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ እንደከተቱ ፊታቸው ቆምኩ። ከሳፋ ውስጥ ሮጦ የሚያመልጥ የለም ብዬ ነው። «መዝገቡ ላይ ስለሚጻፈው እሾህ አንድ ነገር ልንገራችሁ» አልኩ።

«አያ ውቤ፣ ያላወቅን መሰለህ?» አለች እታለማሁ፤ ከሁሉም ቀድማ የመጣች ደንበኛችን ናት። «አርባ ዓመት እሾህ ቢነቀልልኝ ኖሮ እግሬ ወንፊት በሆነ።»

በአማርኛ የጀመርኩትን በአዊኛ ጨረስኩት። እሾህ ካልን ቤቱ ይዘጋል፣ እውነቱን ካልን ይቆይ ይሆናል፣ ግን ስማችሁ አጠገብ ይጻፋል አልኳቸው።

«እኔ በእሾህ ሦስት ልጅ ድሬያለሁ» አለች እታለማሁ። «ከእንግዲህ የምድረው የለኝም። የእኔን ሰርዘህ ጻፈው።»

ነጋዴው ሙደሲር ከጥግ ሆኖ፣ «ጋሼ ውቤ፣ የእኔን ከኢድ በኋላ ያድርጉት። የልጄ የሀዲያ ኒካ ገና አልታሰረም» አለ።

«ኮሚቴው ኢድን አይጠብቅም» አለችው ምሥራቅ።

«እንግዲያው እኔን እሾህ ወግቶኛል» አለ። ማንም አልሳቀበትም። እኔም የሳፋውን ውሃ ቀየርኩለት።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስልሳ ሦስት ሰው የአውራ ጣቱን አሻራ አደረገ። አሥራ ዘጠኝ ሰው እንቢ አለ። ስልሳ ሦስቱን በቀይ ሰርዤ እውነቱን ጻፍኩ፤ ፎቶው ከዚህ ጋር ነው። የእናትሽን አልነካሁም። የሞተ ሰው አሻራ አይሰጥም። ፈቃዱ ያንቺ ነው።

ውቤ

---

በርገን፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያቴ፤

የስልሳ ሦስቱን ፎቶ ለኮሚቴው አስገብቻለሁ። ከዚያ ለአለቃዬ ሁለት ነገር ነገርኳት፦ መዝገቡን የጻፈው አያቴ እንደሆነ፣ ከታካሚዎቹ አንዷም እናቴ እንደነበረች። ጉዳዩን ከእጄ ወስዳ ለሌላ ሰው ሰጠችው። ልክ ናት። ከእንግዲህ ስለ ክፍሉ የምለው ቃል አይቆጠርም፤ ክፍሉን ሊያዩ የሚመጡትን ሰዎች እርስዎ ይጋፈጧቸው።

የእናቴን እሾህ ይሰርዙት። እውነቱን በዚያው በሚያምር ጽሕፈትዎ ይጻፉላት።

እግሯ አላሳፈረኝም፤ የማፍር መስሏት ከሆነ ግን አዝናለሁ። እዚህ በየቀኑ የማላውቃቸውን ሰዎች ቁስል አነባለሁ። የራሴ እናት እንዳልሰማ መከልከሏ ነው ያመመኝ። ምን አድርጌያት ነው ያላመነችኝ? ይህን እርስዎን አይደለም የምጠይቀው፤ ሌላ የምጠይቀው ሰው ግን የለኝም።

ቤዛዊት

---

ዳንግላ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለቤዛዊት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በግ አርደን ነበር፤ ለእኔ መረቁ ደረሰኝ፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

ሰዎቹ በሕማማት መጡ፤ ከእናንተ አገር አንዲት ሴት፣ ከእንጅባራ ሁለት ሰው፣ መሳፍንትም አብሯቸው። ቀኑ የእግር ማጠቢያ ቀን እንዲሆን ያደረገችው ምሥራቅ ናት፤ እኔ ደግሞ ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ እንድትቀመጥ አደረግኩ፣ ሌላ ወንበር አስደብቄ። አጠገቧ እታለማሁ ነበረች። ሁለቱ በየትኛው ቋንቋ እንደተግባቡ አላውቅም፤ ውሃ ቀድቼ ስመለስ እታለማሁ እግሯን ሴትዮዋ ጭን ላይ አድርጋ ጠባሳ በጠባሳ ታስረዳታለች።

መሳፍንት መዝገቡን ገልጦ ብዙ ካየ በኋላ፣ «አባባ፣ እርስዎ ስሙን ጽፈው በሽታውን ደበቁ። በሽታውን ጽፈው ስሙን ቢደብቁትስ ኖሮ?» አለኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስሙ በሌላ ደብተር ተቆልፎ ይቀመጣል፤ በቃ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ጠረጴዛ ተቀምጬ ይህ አልመጣልኝም። «ተምረህ የለ» አልኩት። «ይህን እንኳ የተማርኩት ከሱቅ የዱቤ ደብተር ነው፤ ባለሱቁ ተበዳሪውን በቁጥር ነው የሚጽፈው» አለኝ። ቁጥሩ ከመጣ ወዲህ ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አራቱ ተመልሰው ፈረሙ። ሙደሲርም ፈርሟል፤ ሀዲያን ድሮ።

ውሳኔው ይህ ነው። መታጠቢያው ዳንግላ ይቆያል። የክፍሉ ሦስት አልጋዎች ወደ እንጅባራ ይሄዳሉ፤ ምሥራቅም በሳምንት ሁለት ቀን እዚያ ትውላለች። ለሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ ታካሚው እንደገና ይቆጠራል። አልጋዎቹን ሲጭኑ ቆሜ አየሁ። መሃለኛዋ የእኔ ናት፤ በ1977 ወባ ሲይዘኝ ተኝቼባታለሁ። ቢሆንም ቅዳሜ ተረፈልን።

የእናትሽን ሰርዤ ጽፌዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለሆነ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

አሁን አንድ ነገር። በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ካልኩሽ ሁሉ አንዱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ፈረሱ ሁለት ሳፋ ሰብሯል፤ እሱ እውነት ነው። የፋግታው ሰውዬ ያለኝም እውነት ነው። እናትሽ ግን «እንዳትነግራት» አላለችኝም።

«ንገራት» ነው ያለችኝ። «ቤዛ ስትመጣ ቁጭ አድርገህ ንገራት፤ የእሷ ልጆች አፈር እንዳይረግጡ» ነው ያለችኝ። አንቺን ማመን አላቃታትም። ብነግርሽ፣ የሰው እግር ሲያጥብ የሚውል አባት የራሱን ልጅ ለምን ያለ ጫማ እንዳሳደጋት ትጠይቂኛለሽ ብዬ የፈራሁት እኔ ነኝ።

አያትሽ ውቤ